ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ የቆመ ቮልስዋገን፦ አሁኑኑ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ወንጂ ማዶ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በ1964 ዓ.ም ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ ከነበረ አንድ ሆላንዳዊ የገዛው ቮልስዋገን አለን። ሃያ ዓመት ያህል ከነዳው በኋላ በ1984 ዓ.ም አዳማ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተሠራ መጠለያ ውስጥ አቆመው፤ ከዚያ ወዲህ ያስነሣው ሰው የለም። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆኗል። ታናሽ ወንድሜ እንዳለ ይሸጥ ይላል፤ እኔ ግን ተጠግኖ እናታችንን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቢያደርሳት ደስ ይለኛል። ወንድሜ እስከ ፋሲካ ድረስ ዕድል ስለሰጠኝ ጉዳዩን ሳልውል ሳላድር መጀመር ፈልጌአለሁ።

ያየሁትን ልግለጽ። አራቱም ጎማዎች ተንፍሰው መኪናው በቸርኬው ላይ ተቀምጧል። ባትሪ የለውም፤ የኋላውን ወንበር ሳነሣ ባትሪው ይቀመጥበት የነበረው ላሜራ ተበልቶ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። ሌላው ላሜራ፣ ቀለሙ ከመንጣቱ በቀር፣ ደህና ይመስላል። የወንበሩን ጭድ አይጥ አውጥቶታል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 61,000 ይላል፤ እናቴ ግን አንድ ጊዜ ሞልቶ ከዜሮ እንደ ጀመረ ታስታውሳለች። ከኋላ ወንበር ሥር የተመታው የሻሲ ቁጥር በ117 ይጀምራል። የቤንዚን ታንኩን ከፍቼ ባሸትት ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ከሥሩ አለ፤ ሽታውም ቤንዚን ሳይሆን የአሮጌ ቀለም ሽታ ነው።

በሠፈራችን ያለ አንድ መካኒክ አይቶት «ባትሪና አንድ ጀሪካን ቤንዚን አምጣልኝ፤ ከሰዓት በኋላ አስነሥቼ አሳይሃለሁ» ብሎኛል። እኔ መምህር ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ጥቂት ነው፤ ትዕግሥት ግን አለኝ። ይህ ሰው እንዳለው ማድረግ ይቻላልን? ካልሆነስ የትኛው ሥራ ከየትኛው ይቀድማል?


ጡረተኛ መካኒክ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። ሰውየው አልዋሸዎትም፤ ምናልባት በእርግጥም ያስነሣዋል። ይህ ሞተር በጭቃ ተለውሶም ቢሆን የሚነሣ ሞተር ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ከተነሣ በኋላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) እና ዘንጉ ከሚዞርበት ብሮንዚና ላይ ወርዶ ከሥር ተጠራቅሟል፤ ስለዚህ በሞተሪኖ ጉልበት ድንገት ሲዞር ብረት በደረቅ ብረት ላይ ይሄዳል። አንዱ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዞ ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖው አይጠይቀውም፤ ይሰብረዋል። በእጅ ሲያዞሩት ግን እጅዎ እምቢታውን ይሰማና ያቆማል።

ሥራውን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። አባትዎ መኪናውን ለምን አቆሙት? መኪና ያለ ምክንያት አይቆምም። ያኔ የተበላሸው ነገር ዛሬም እዚያው አለ፤ ከእናትዎ የተሻለ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ አይኖርም።

አሁን ወደ ሻሲ ቁጥሩ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ያመለክታሉ። በ117 የሚጀምር መኪና እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ነው፤ የፋብሪካው የሞዴል ዓመት በኦገስት ስለሚጀምር እ.ኤ.አ. ከ1966 አጋማሽ በኋላ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው 1959 ዓ.ም ይሆናል። ይህን የምነግርዎት ለጨዋታ አይደለም። በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ የተላኩት 12 ቮልት ሲሆኑ፣ ለሌላው ገበያ ከተሠሩት ብዙዎቹ ገና 6 ቮልት ነበሩ። መካኒኩ የሚያመጣው ባትሪ ያለ ጥርጥር 12 ቮልት ነው። መኪናው 6 ቮልት ከሆነ ሞተሪኖው ለአፍታ ይችለው ይሆናል፤ አምፖሎቹ፣ ቦቢናውና ሬዲዮው ግን አይችሉትም። ስለዚህ በዲናሞውና በአምፖሎቹ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የሞተሩን ቁጥርም ይመልከቱ፤ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር በሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። ፊደሉ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500፣ ዲ ከሆነ 1200 ነው። ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉንም ያረጋግጡ።

ከዚያ አራቱን ካንዴላዎች ይፍቱ። ካንዴላው አልወጣም ካለ በጉልበት አይታገሉት፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ተልጦ ይወጣል። ትንሽ ዘይት አጠጥተው ያሳድሩትና በማግሥቱ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ ያውጡት። ካንዴላዎቹ ከወጡ በኋላ ቀጭን የሞተር ዘይት ከጥቂት ነጭ ጋዝ ጋር ደባልቀው በየቀዳዳው ያስገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች የተጋደሙ ናቸው፤ ዘይቱን በቀዳዳው አፍስሰው ቢሄዱ በታችኛው በኩል ይተኛና የላይኛው ግድግዳ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። በመርፌ ቱቦ ወደ ላይ እየረጩ፣ በየቀኑ እየደገሙ አንድ ሳምንት ይስጡት።

በሳምንቱ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው በኮሎው ፑሌጃ ላይ ባለው 30 ቁጥር ብሎን በቀስታ ያዙሩት፤ ቺንጊያው (ፑሌጃውን ከዲናሞው ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ) ጥብቅ ከሆነ በዲናሞው 21 ቁጥር ዳዶም ይዞራል። ሩብ ዙር ሄዶ ከቆመ መልሰው ወደ ኋላ ይውሰዱት፤ ዘይት ይጨምሩ፤ ያሳድሩት። ረጅም ቧንቧ ፈልጎ መጫን የሚባል ነገር እንዳይኖር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

በነፃነት ከዞረ በኋላ አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። ይህ ሞተር የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች በታሰረች ክብ ክዳን ውስጥ የሽቦ ወንፊት ብቻ አለው። ወንፊቱን አውጥተው በቤንዚን ይጠቡ፤ በውስጡ ያገኙትንም በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ይመልከቱ። ጥቁር አተላ የዕድሜ ነው፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ካገኙ ግን እዚያው ያቁሙና ይንገሩኝ። የሚገባው አዲስ ዘይት 2.5 ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ቤንዚንና የካንዴላ እሳት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።


ከሐይቁ ዳር (ሐዋሳ)

የጡረተኛውን መካኒክ ምክር ሳነብ፣ ይህን ሰው ከስድስት ዓመት በፊት ባገኘሁት ኖሮ ብዬ ተጸጸትሁ። እኔም ከአጎቴ የወረስሁት፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ቮልስዋገን ነበረኝ። አንድ መካኒክ ልክ እንደ እርስዎ ጎረቤት «ዛሬ አስነሣዋለሁ» አለኝ፤ አስነሣውም። ተሰብስበን አጨበጨብን፤ ልጆቹም ፎቶ ተነሡ። ሞተሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የተቃጠለ ላባ የመሰለ ሽታ ይሸተን ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ጉልበት አጣና ራሱ ጠፋ።

ምክንያቱ አይጥ ነበረች። ይህ መኪና ውሃ የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር የሚዞረው ማራገቢያ የሚነፍሰው አየር ነው፤ አየሩም በላሜራ ሽፋን ውስጥ ተመርቶ ወደ ሲሊንደሮቹ ክንፎች ይወርዳል። ያ ሽፋን ለአይጥ ከዝናብ የተጠበቀ፣ ጨለማ፣ ምቹ ቤት ነው። በእኔ ሞተር ውስጥ ከወንበሩ ጭድና ከጆንያ የተሠራ ጎጆ በግራ በኩል ያለውን መተላለፊያ ሙሉ በሙሉ ደፍኖት ነበር። በዚያ በኩል ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር ቀድሞውንም ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ በእነዚያ ዓመታት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በሽፋኑ ውስጥ ከፊቱ ቆሞ አየሩን ይሻማዋልና። ፒስተኑ ነክሶ ሲሊንደሩን ቧጠጠው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ደስታ አንድ ሙሉ ጥንድ ፒስተንና ሲሊንደር አስከፈለኝ። እርስዎ የወንበሩን ጭድ አይጥ አውጥቶታል ብለዋል፤ እንግዲህ ጭዱ የት ሄደ? የማራገቢያው ሽፋን ተነሥቶ ውስጡ ሳይታይ ሞተሩ እንዳይነሣ እለምናለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤንዚኑ ነው። ያሸተቱት ሙጫ ቤንዚኑ ተንኖ የቀረው ቅሪት ነው፤ አዲስ ቤንዚን ሲጨመርበት ይሟሟና ወደ ካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሄዶ እንደገና ይደርቃል። ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር በአራት ብሎኖች ብቻ ስለታሰረ ማውጣቱ ቀላል ነው። ከታንኩ የሚወጣው የብረት ቱቦ በመኪናው መሐል ለመሐል ባለው ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከፊትና ከኋላ ከጎማ ቱቦ ጋር ይገናኛል። የኋላው በማርሽ ቤቱ አጠገብ ተደብቆ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ የፊቱን ብቻ ለውጬ ነበር፤ የኋላው ፈንድቶ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ የጎረቤት ልጅ ባያየው ኖሮ ዛሬ የምተርከው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ሌላም አለ፤ በሶሌክስ ካርቡራተር ላይ ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ ቧንቧ በግፊት ብቻ የገባች ናት፤ በዕድሜ ብዛት ትላላና ሞተሩ እየሠራ ትወልቃለች። በጣትዎ ይዘው ይነቅንቋት፤ ከተነቃነቀች በባለሙያ ትጠበቅ።

የአዳማ ሰዎች በአየራችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የእኔን መኪና የሐይቁ እርጥበት ከሥር ጨርሶት ነበር፤ በእናንተ ደረቅ አየርና ነፋስ ላሜራ ይተርፋል። የሚሞተው ጎማ የተባለ ነገር ሁሉ ነው፤ የመስታወት ጎሚኒ፣ የፍሬን ጎሚኒ፣ የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን፣ ሁሉም ተሰነጣጥቆ እንደሚጠብቅዎት ከወዲሁ ይቁጠሩት።


ላሜራ ቤት (አዳማ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። እንዲህ ያለ ምክር ያነበበ ሰው መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ በአሥር ካርቶን ያስቀምጠዋል። እኔ ጋ ለቀለም የመጡ፣ ግን ያላለቁ ሦስት መኪናዎችን አውቃለሁ፤ ሦስቱንም የገደላቸው ዝገት ሳይሆን ካርቶን ነው። ባለቤቱ ታሞ ወይም ገንዘብ አጥሮት አንድ ዓመት ሲያልፍ የትኛው ብሎን የየት እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። መምህር፣ አንዱን ሥራ ሳይጨርሱ ሌላውን አይፍቱ፤ ከመፍታትዎ በፊትም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ባትሪው ሥር ያለውን ቀዳዳ በተመለከተ አይደንግጡ። የባትሪ አሲድ ይህን ቦታ ያልበላው ቮልስዋገን አላየሁም። የሚያስጨንቀው ሌላ ቦታ ነው፤ በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት፣ የሙቀት አየር የሚያልፍባቸው ሣጥን መሰል ብረቶች የመኪናው አጥንት ናቸው። በካቻቪቴ ጫፍ ከሥር በኩል ይንኳኩ። ጠንካራ ድምፅ ከሰጡ መኪናዎ ጤነኛ ነው፤ ካቻቪቴው ከገባ ግን በሮቹ በቦታቸው እንዳሉ ከውስጥ በብረት ተደግፎ መበየድ አለበት፤ አለዚያ አካሉ ይጣመምና በሮቹ አይዘጉም። ታንኩን ደግሞ ማንም ሰው ባዶ ነው ብሎ እሳት እንዳያስጠጋው። ባዶ የሚመስል ታንክ በቤንዚን ትነት የተሞላ ስለሆነ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው።

ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው። የነጣው ቀለም የ1959 ዓ.ም የፋብሪካ ቀለም ከሆነ ደግሞ ቢያጸዱትና ቢተዉት እመርጣለሁ፤ ከዚህ ንግግሬ ገቢ እንደማላገኝ ይታወቅልኝ።


ሊብሬ (አዲስ አበባ)

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ወረቀቱን ያጣሩ። ሊብሬው በአባትዎ ስም ነው ወይስ ገና በሆላንዳዊው? የወንጂን ፋብሪካ ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ በ1967 ዓ.ም ንብረቱ ከተወረሰ በኋላ ሠራተኞቹ ወደ አገራቸው ስለተመለሱ፣ ስም ያልዞረ መኪና ከሆነ ሻጩን ፈልጎ ማስፈረም አይታሰብም፤ የሽያጭ ውሉ ዋና ቅጂ ያስፈልግዎታል። በአባትዎ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ እናትዎም ወንድምዎም ተስማምተው ወደ አንድ ሰው ይዛወር። የሻሲና የሞተር ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆናቸው ቦሎ ለማውጣት ስትቀርቡ ይታያል። ሞተሩ አይሆንም ተብሎ ከሌላ መኪና ሞተር ቢገዛ እንኳ ሕጋዊ ሰነዱ አብሮ ካልመጣ ቁጥሩ ችግር ይፈጥራል።

ለወንድምዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፤ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ፣ አገር ውስጥ ያለና ወረቀቱ የተሟላ አሮጌ መኪና ከቆመ ብረት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ለመሸጥ ቢፈልግም መጠገኑ አይጎዳውም።


ወንጂ ማዶ (አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አምስት ሳምንት ስላለፈ የደረስሁበትን ላቅርብ። ለጎረቤታችን መካኒክ «ትንሽ እንቆይ» ብዬ ነገርሁት፤ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም አሁን ማታ ማታ እየመጣ ያግዘኛል።

እናቴን ስጠይቃት ሳታስብ ነበር የመለሰችልኝ። በመጨረሻው ጉዞ ከሶደሬ ስንመለስ፣ አለች፣ ፍሬኑን ሲረግጠው እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ፤ በእጅ ፍሬንና በማርሽ እየያዘ አዳማ ገባ፤ ዕቃ እስኪገኝ ብሎ አቆመው። ዕቃውም አልተገኘም ወይም አልተፈለገም። ሊብሬው በአባቴ ስም ነው፤ የሞተሩ ቁጥር በኤፍ ይጀምራል፤ ከሊብሬውም ጋር አንድ ነው። በዲናሞው ላይ 6 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ።

ካንዴላዎቹ ሦስቱ በቀላሉ ወጡ፤ አንደኛው ሁለት ቀን ፈጀ። ሞተሩ በስምንተኛው ቀን በእጅ ዞረ። የማራገቢያውን ሽፋን ስናነሣ የሐዋሳው ወንድማችን እንዳሉት ጭዱን አገኘነው፤ አንድ ዳቦ ያህላል፤ በመሐሉም የአባቴ የቤንዚን ደረሰኝ ተቆራርጦ ነበር። ታንኩ ታጥቦ ገብቷል፤ የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ተለውጠዋል፤ የፓምፑንና የካርቡራተሩን ጎሚኒዎች ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አገኘሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ መኪና ዕቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማግኘቴ አስገርሞኛል።

ያስጨነቀኝ በየሲሊንደሩ ውስጥ አየር ምን ያህል እንደሚታመቅ የሚያሳየው የግፊት መለኪያ ውጤት ነው። ሞተሩን በሞተሪኖ እያዞርን ስንለካ አንደኛው ሲሊንደር 6.5፣ ሁለተኛው 6.8፣ አራተኛው 6.6 ባር ሲያሳዩ ሦስተኛው 4 ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ ሁሉም ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ ይከፈት ይላል። እውነት ነውን?


ጡረተኛ መካኒክ (አዳማ)

ዕቃው መገኘቱ አያስገርምዎ። ይህ መኪና በሜክሲኮ እስከ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2003 ድረስ ይመረት ነበር፤ ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ነው። ለዚህ ያህል ብዛት ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ አይጠፋም።

ሞተሩ አይከፈት። በመጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ግፊት የሚለካው በባሕር ወለል ነው፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን ከባሕር ዳርቻው በስድስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሦስቱ ጤነኞች ናቸው። የሚጠየቀው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም በዚህ ሞተር የታወቀ በሽተኛ ነው።

መጀመሪያ የቫልቮላውን (አየር የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን በር) ክፍተት ይለኩ፤ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ መሆን አለበት። የዚያ ዘመን መመሪያ 0.10 ሚሊ ሜትር ይል ነበር፤ በኋላ 0.15 ሆኗል፤ እኔም በ0.15 እሠራለሁ። ክፍተቱ ጠፍቶ ካገኙት ቫልቮላው ሳይዘጋ ቀርቶ ግፊቱ የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነው። አስተካክለው እንደገና ይለኩ። ካልተሻሻለ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምሮ መለካት አለ፤ ግፊቱ ከጨመረ ችግሩ ፋሻው ላይ፣ ካልጨመረ ቫልቮላው ላይ ነው ይባላል። ነገር ግን በተጋደመ ሲሊንደር ዘይቱ ዙሪያውን ስለማይደርስ ይህን ፈተና ብዙም አልተማመንበትም። በመቀመጫው ላይ ያለች ቀጭን ዝገት ሞተሩ አንድ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ተፍቃ ስትሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለማስነሣት ሲደርሱ ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቅለው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እስክትጠፋ ድረስ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ ያዙሩት። አረንጓዴዋ የዘይት ግፊት ናት፤ ቀይዋ የዲናሞው። አረንጓዴዋ ሳትጠፋ ካንዴላ አይመለስም። የፑንቲናውን (የካንዴላ እሳቱን የሚቆራርጠውን መገናኛ) ክፍተት 0.4፣ የካንዴላውን 0.7 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ ሽቦዎቹ በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ቅደም ተከተል ይሁኑ። ቺንጊያው አዲስ ይሁን፤ በዚህ መኪና ቺንጊያ ሲበጠስ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውም ይቆማልና፣ ቀይ መብራት በርታ ካዩ የትም ይሁኑ የት ሞተሩን ያጥፉ።


ወንጂ ማዶ (አዳማ)

የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቮላ ክፍተት ጨርሶ አልነበረውም። አስተካክለን ስንለካ 5.4 አሳየ። ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች፤ ካንዴላዎቹን መለስን፤ በአራተኛው ሙከራ ተነሣ። መጀመሪያ ላይ ከማርሚታው የወጣው ጭስ ሠፈሩን ቢሸፍነውም ያስገባነው ዘይት ሲያልቅ ጠራ። እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆና ድምፁን ስትሰማ «ያው ራሱ ነው» አለች። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ አጠፋነው፤ በማግሥቱ ስንለካ ሦስተኛው 5.9 ደርሷል።

መኪናውን ግን ከቦታው አላንቀሳቀስነውም፤ ፍሬኑ ገና ነው። የፊቱን ታምቡሮች (ክብ የፍሬን ሽፋኖች) አውጥተናል፤ ጎሚኒዎቹ እንደ ብስኩት ተፈረፈሩ። የኋላውን ለመክፈት መሐል ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ፈጽሞ እምቢ አለ። በክሪክ አንሥተን፣ ሁለት ሰው ቁልፉ ላይ ቆመንበት አልሆነም።


ጡረተኛ መካኒክ (አዳማ)

በክሪክ ላይ እንዳለ ሁለት ሰው ቆሞበታል የሚለውን ሳነብ ወንበሬን ያዝሁ፤ መኪናው ከክሪኩ ቢወርድ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እግር ነበር። ያንን ዳዶ ፋብሪካው ያጠበቀው አንድ ሜትር በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ በመጫን ልክ ነው፤ የዓመታቱ ዝገት ተጨምሮበታል። መኪናውን ወደ መሬት ያውርዱት፤ ጎማውን ይግጠሙበት፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ያድርጉ። ኮፒሊያው (ዳዶውን የሚቆልፈው ሽቦ) መውጣቱን ያረጋግጡ፤ ግማሹ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ የሚያታልል አለ። 36 ቁጥር ቡሶላ ከጠንካራ ዘንግ ጋር ይዋሱ፤ በዘንጉ ላይ ሁለት ሜትር ቧንቧ ያስገቡ። ለሞተሩ የከለከልሁት ቧንቧ እዚህ ይፈቀዳል። ሳይፈነገል፣ ቀስ ብሎ የሰውነትን ክብደት መጫን ነው።

ታምቡሩ ሲወጣ በየጎማው ያሉትን ትንንሽ የፍሬን ሲሊንደሮች ውስጥ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ሲሊንደሩ ራሱ ይለወጥ። ወደ እያንዳንዱ ጎማ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎችም ሳያመነቱ ይለውጡ፤ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም። የዚህ ዓመት መኪና ፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። በአንዱ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ፤ አባትዎ ከሶደሬ ሲመለሱ የደረሰባቸውም ይኸው ይመስለኛል። ማስተሩንም (ፔዳሉ የሚገፋውን ዋና የፍሬን ሲሊንደር) ስለዚህ አዲስ ያድርጉት። የፍሬን ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባልና ተከፍቶ የቆየ ጣሳ አይግዙ።

ጎማዎቹን ሲገዙ በጎናቸው የተመታውን አራት አኃዝ ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩዎታል። ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት የተቀመጠ ጎማ እንደ አዲስ ይሸጣል። ዳዶው ሲፈታ ይጻፉልኝ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፤ ቤታችሁም ሩቅ አይመስለኝም፤ አየር ከፍሬኑ ስታስወጡ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ካስፈለገ እመጣለሁ።